ስለ ዋና አሳብና ስለ አንቀጽ ፤ ከጋፋት ታሪክ የተገኘ ትምህርት



ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩባት ስለ ሆነች፥ ስሟ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ዘወትር ከምድጃና ከመድፍ ጋር ተያይዞ ይነሣል። እኛ ግን በዛሬው ንግግራችን ጋፋትን የምናነሣት ስለ መድፍ ብቻ ለመናገር አይደለም። ተማሪዎች ካነበቡት ጽሑፍ ዋናውን አሳብ ለይተው እንዲያወጡ፥ የራሳቸውንም አሳብ በአንቀጽ በአንቀጽ ከፍለው በሥርዓት እንዲጽፉ ማስተማር ምን ያህል ትልቅ ጉዳይ እንደ ሆነ የጋፋት ዘመን ታሪክ በግልጥ ያሳየናልና ነው። ይህ ጉዳይ የትምህርት ቤት ልጆች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ቢኖር፥ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ የሚወጣውንና የሚወርደውን ወረቀት ያስብ።

አስቀድመን ስለ ቦታይቱ ጥቂት እንናገር። በኢየሩሳሌም ይኖሩ የነበሩት የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት፥ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ በቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ላኩ። እነዚህ ሰዎች ሃይማኖትን ከእጅ ሙያ ጋር አንድ አድርገው እንዲያስተምሩ የታሰቡ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ በ1848 ዓ.ም. ገደማ ገቡ፤ ከእነርሱም በኋላ ሌሎች ተከተሉ። ቫልድማየር፥ ዛልሙለር፥ ቤንደር፥ ማየርና ኪንዝሌን የሚባሉት ስማቸው የታወቀ ነው። ሞሪትዝ ሆል የሚባለውም የፖላንድ ሰው በኋላ ተጨምሮባቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት ቦታ ሰጥተው አስቀመጧቸው፤ በዚያም ቤት ሠሩ፥ ምድጃ ተከሉ፥ የአገሩንም ወጣቶች ሰብስበው ንባብና ጽሕፈት ከእጅ ሥራ ጋር ማስተማር ጀመሩ።

መድፍ እንዲሠሩ በታዘዙ ጊዜ ይህን ዕውቀት አልተማርነውም ብለው ነበር። ትእዛዙ ግን የማይታጠፍ ሆነባቸው። መጀመሪያ የሞከሩት አልሆነላቸውም፤ ደግመው ሲሞክሩ፥ ስሕተታቸውን እያረሙ ሲያስተካክሉ በመጨረሻ ሠመረላቸው። ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የተሰኘው ትልቁ መድፍ በእነዚሁ በጋፋት ባለሙያዎች እጅ የተሠራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ይህን መድፍ በገደልና በሸለቆ መንገድ እየቀደዱ እያስጐተቱ እስከ መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል።

እንግዲህ የመድፉ ሥራ ይህን ያህል ከተነገረ፥ በዚያው ዘመን የተሠራ ሌላ ሥራ ደግሞ አለ። እርሱም የጽሕፈት ሥራ ነው። ከዐፄ ቴዎድሮስ በፊት የነበሩት ነገሥታት ዜና መዋዕላቸው በግዕዝ ይጻፍ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ሊቃውንት ግን በአማርኛ ጻፉት። ከእነርሱም ፊተኛው አለቃ ዘነብ ናቸው፤ የእርሳቸው ጽሑፍ በ1902 እ.ኤ.አ. ኤኖ ሊትማን በሚባል የጀርመን ሊቅ አማካይነት ታትሞ ወጥቷል። አለቃ ወልደ ማርያምም እንዲሁ በአማርኛ ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውም ወደ ውጭ አገር ነገሥታት የሚልኳቸውን ደብዳቤዎች በአማርኛ ያስጽፉ ነበር። እንዲህ ሆኖ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለንግግር፥ ለጨዋታና ለችሎት ሙግት ይበልጥ ይውል የነበረው ቋንቋ የመንግሥትን ጉዳይ በወረቀት ላይ እንዲሸከም ተገደደ። ይህም ቀላል ነገር አልነበረም። መድፍ አፍስሰው የማያውቁት ሰዎች መድፍ እንዲያፈሱ እንደ ታዘዙ፥ አማርኛም ያልለመደውን ሥራ እንዲሠራ ታዘዘ ማለት ይቻላል።

ነገር ግን አገራችን ከንባብ ዋናውን አሳብ የማውጣት ጥበብ አልነበራትም እንዳይባል መጠንቀቅ ይገባል። ይልቁንም ጋፋት ያለችበት የደቡብ ጎንደር ደጋ በትምህርት እጅግ የታወቀ ነው። በጋይንት የሚገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ነው፤ ዙር አምባም በዝማሬና በመዋሥዕት ትምህርት ስሙ የተጠራ ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ ደግሞ በጎንደር ከተማ ሊቃውንት ዘንድ ተደራጅቶ ትልቅ ሥርዓት ሆኗል። ተማሪው በመጽሐፉ ፊት ተቀምጦ ንባቡን ያነባል፤ መምህሩ ትርጓሜውን ይሰጣል፤ ቀጥሎ አንድም እያለ ሌላውን ፍች ያመጣል፤ ታሪክ የሚያስፈልገው እንደ ሆነ ታሪኩን ያወርዳል፤ ሐተታም ይጨምርበታል። በቅኔ ቤትም ተማሪው ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ማወቅ ግዴታው ነው። ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ ተማሪ ቅኔውን ሰማ አይባልም። ይህ ሁሉ በሌላ አነጋገር ሲነገር፥ ዋናውን አሳብ ከተሸፈነበት አውጥቶ ማየት ማለት ነው።

ቢሆንም አንድ ልዩነት አለ። የቀድሞው ትምህርት በጆሮና በቃል የሚያዝ ነው። መምህሩ ፊት ለፊት ስላለ፥ ተማሪው ያልገባውን ይጠይቃል፤ የድምፅ መውደቅና መነሣት፥ የእጅም እንቅስቃሴ ሳይቀር ፍቺውን ያግዛል። ደብዳቤ ግን ብቻውን ይሄዳል። ባሕር ተሻግሮ፥ ጸሐፊውን ከማያውቅ፥ ቋንቋውንም በትርጉም ብቻ ከሚያገኝ ሰው እጅ ይገባል። በዚያን ጊዜ ከጽሑፉ ሥርዓት በቀር ለጸሐፊው ጠበቃ የሚቆምለት የለም።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ። በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ በቆንሲሉ በካሜሮን በኩልም ተላከ። የደብዳቤው አሳብ በአጭሩ ሲከፈል አምስት ክፍል ይወጣዋል። መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው፥ መንግሥታቸው ከብዙ መከራ በኋላ በእግዚአብሔር ኃይል እንደ ተመለሰላቸው ይተርካል። ሦስተኛው፥ ቱርኮች የባሕሩን ዳርቻ ይዘው እንደ ዘጉባቸውና ከእነርሱ ጋር ለመዋጋት እንዳሰቡ ይናገራል። አራተኛው፥ ስለ ንግሥቲቱ መልካምነት የነገሯቸውን ሁለቱን እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸውን፥ ፕላውደንንና ቤልን፥ ሞታቸውንም ያስታውሳል። አምስተኛው ግን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም መልእክተኞቼን ወደ አንቺ ልልክ እወዳለሁና በመንገድ ቱርኮች እንዳይይዟቸው መተላለፊያ አዘጋጂልኝ፤ ለዚህም መልሱን በቆንሲሉ በኩል ላኪልኝ የሚል አሳብ ነው።

ውድ አንባቢዎች፤ ከእነዚህ ከአምስቱ ክፍሎች ዋናው የትኛው እንደ ሆነ እስቲ ፍረዱ። ሰላምታው ቢቀር ደብዳቤው ጨዋነት ይጐድለው ነበር እንጂ ፍሬውን አያጣም። ታሪኩ ቢያጥር ጥያቄው ይኖራል። የወዳጆቹ ስም ባይነሣ የፍቅሩ ምክንያት ይቀንሳል እንጂ ነገሩ አይጠፋም። አምስተኛው ክፍል የወጣ እንደ ሆነ ግን ደብዳቤው ለምን እንደ ተጻፈ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። እንግዲያስ ዋናው አሳብ እርሱ ነው፤ የቀሩት አራቱ እርሱን ለመደገፍ፥ ለማስረዳትና ለማክበር የቆሙ ናቸው። ዋና አሳብን የመፈለጊያው ቀላሉ ዘዴም ይኸው ነው። ከጽሑፉ ላይ እያንዳንዱን ነገር በየተራ በአሳብ አንሥቶ፥ የትኛው ሲነሣ ቤቱ እንደሚፈርስ ማየት ነው።

አንዳንድ ሰው ይህ ጥያቄ ለምን መጨረሻ ላይ ተጻፈ ይል ይሆናል። መልሱ በቋንቋችን ጠባይ ውስጥ ይገኛል። በአማርኛ ዐረፍተ ነገር የሚዘጋው በማሰሪያ አንቀጽ ነው። ባለቤቱ፥ ተሳቢው፥ ጊዜውና ቦታው ሁሉ ተነግሮ ካለቀ በኋላ ነው ነገሩ መሆኑ ወይም አለመሆኑ የሚታወቀው። ማሰሪያውን ሳይሰማ የተነሣ ሰው ምንም አልሰማም። የሽማግሌ ንግግርም እንዲሁ ነው፤ በሰላምታ ይጀምራል፥ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከምንጩ ይነሣል፥ ምክንያቱን ይደረድራል፥ በመጨረሻ የመጣበትን ያስታውቃል። የንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤም በዚህ በአገር ሥርዓት የተጻፈ ንጹሕ ጽሑፍ ነው። እስከ መጨረሻው ላነበበው ሰው የተሰወረ ነገር የለበትም።

ደብዳቤው በየካቲት 1855 ዓ.ም. ለንደን ደረሰ። የእንግሊዝ መንግሥት ግን መልስ አልሰጠም። እዚህ ላይ እውነቱን ሳናዛባ መናገር ይገባናል፤ ነገሩ ካለማስተዋል ብቻ የመጣ አይደለም። እንግሊዝ ከ1846 እስከ 1848 ዓ.ም. በክሪሚያ ጦርነት ከቱርክ ጎን ቆማ መስኮብን የወጋች መንግሥት ነበረች፤ ስለዚህ ከቱርክ ጋር የሚያጣላትን ነገር አትወድም ነበር። ለትልቁ መድፍ የተሰጠው ሴባስቶፖል የሚለው ስም ራሱ በዚያ ጦርነት ተከባ የተወጋች የመስኮብ ከተማ ስም ነው። ሆኖም የማይስማሙበትን አሳብ ማክበርና ለደብዳቤ መልስ መንፈግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በለንደን የነበረው ሹም ሦስተኛውን ክፍል፥ ስለ ቱርኮች የተነገረውን፥ ዋና አሳብ አድርጎ ቢያይ እንኳ፥ አምስተኛው ክፍል የጠየቀው መልስ ነበረና ይሆናል ወይም አይሆንም ብሎ መጻፍ አያቅተውም ነበር።

ዝምታው ያመጣውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ተናቁ ቈጠሩት፤ በ1856 ዓ.ም. ቆንሲል ካሜሮን ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር ታሰረ። መልስ ይዞ የተላከው ራሳም ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት የደረሰው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ደብዳቤው ከተጻፈ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ራሳምና ጓደኞቹ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ወደ ጋፋት ተወስደው ጥቂት ቀን በባለሙያዎቹ መንደር ተቀመጡ፤ ከዚያም በደብረ ታቦር በኩል ወደ መቅደላ እስር ቤት ተላኩ። በመጨረሻ ጄኔራል ናፒየር ወደ 13,000 የሚሆን ጦር ይዞ፥ ከህንድ አገር በመጡ ዝሆኖች ጭምር መድፍ እያስጫነ ወጣ። ዘመቻው የእንግሊዝን መንግሥት ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ አስወጣው። ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መርጠው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ራሳቸውን ሠዉ። የአንድ ገጽ መልስ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር ብሎ መማል አይቻልም፤ ነገር ግን ከ9 ሚሊዮን ፓውንድ ይልቅ አንድ ገጽ ወረቀት እንደሚረክስ ማንም የመሥሪያ ቤት ሰው ያውቃል።

እኛም የተጐዳነው በንጉሡ ሞት ብቻ አይደለም። በመቅደላ ተሰብስበው የነበሩት የብራና መጻሕፍት ተዘረፉ፤ ከእነርሱም 350 ያህሉ ወደ ብሪታንያ ሙዚየም ገቡ። የጋፋት ሥራም ተቋረጠ። ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ከእነርሱ አንዱ ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በ1873 እ.ኤ.አ. በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ይህም ትምህርት ቤት በዚያ አገር እስከ ዛሬ የታወቀ ነው። በጋፋት የተጀመረው የንባብና የሙያ ትምህርት ግን ወራሽ ሳያገኝ ቀረ፤ መንግሥት ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከፍቶ ልጆችን እስኪያስተምር ድረስ ወደ 40 ዓመት ያህል መጠበቅ አስፈለገ።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ከሰማን በኋላ፥ ለተማሪ ዋና አሳብንና አንቀጽን እንዴት እናስተምር ወደሚለው እንመለስ። አንቀጽ የሚለው ቃል ራሱ መምህር ነው። በግዕዝ አንቀጽ ማለት ደጅ፥ በር ማለት ነው። በሰዋስው ደግሞ ዐረፍተ ነገርን የሚያስረው ግሥ አንቀጽ ይባላል። በጽሑፍ ውስጥ ያለው አንቀጽ የሁለቱንም ጠባይ ይዞ መገኘት አለበት። በር እንደ መሆኑ አንባቢውን ወደ አንድ ክፍል ያስገባዋል እንጂ በአንድ ጊዜ ወደ ሦስት ክፍል አያስገባውም። ማሰሪያ እንደ መሆኑም በውስጡ ያሉትን ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ አንድ ላይ ያስራቸዋል። በቀድሞ የብራና መጻሕፍት የምዕራፍ መለያው ቀይ ቀለምና ጌጠኛ ነጥብ ነበር፤ ማተሚያ ከገባ ወዲህ መስመር ገባ አድርጎ መጀመር ተለመደ። መስመር ገባ ማድረግ ግን የእጅ ሥራ ነው፤ አሳብን መክፈል የአእምሮ ሥራ ነው። ብዙ ተማሪ ፊተኛውን ተምሮ ኋለኛውን ሳይማር ይቀራል።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ ስለ ጋፋት ጻፍ ቢባል እንዲህ ይጽፍ ይሆናል፤ «ጋፋት በደብረ ታቦር አጠገብ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሞቱ። ሴባስቶፖል ከባድ ነው። ቫልድማየር የመጣው ከባዝል አካባቢ ነው። በጋፋት ወጣቶች ይማሩ ነበር።» ከዚህ ውስጥ ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን አንቀጽ አይደለም። ነዶው አልታሰረም። መምህሩ በቀይ እርሳስ ሰርዞ ከመመለስ ይልቅ አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፤ «ልጄ፥ ስለ ጋፋት አንድ ነገር ብቻ እንድትነግረኝ ብፈቅድልህ የትኛውን ትነግረኛለህ?» ተማሪው አስቦ «ጋፋት የሙያ ትምህርት የተጀመረባት ቦታ መሆኗን» ቢል፥ ዋና አሳቡን አገኘ። ከዚህ በኋላ የቀሩትን ዐረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ያንን አሳብ ያገለግላሉ ወይስ አያገለግሉም ብሎ ይመርምራቸው።

ያን ጊዜ ጽሑፉ እንዲህ ይሆናል፤ «ጋፋት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የሙያ ትምህርት የተጀመረባት ቦታ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ ከባዝል አካባቢ የመጡትን እንደ ቫልድማየር ያሉ ባለሙያዎች በዚያ አስቀመጡ። የአገሩ ወጣቶችም ከእነርሱ ዘንድ ንባብንና የእጅ ሥራን ይማሩ ነበር። የዚህ ሙያ ትልቁ ምስክር ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው።» የንጉሠ ነገሥቱ ሞት እዚህ አልገባም። ትንሽ ነገር ስለ ሆነ አይደለም፤ የራሱ ደጅ፥ የራሱ አንቀጽ ስለሚገባው ነው። ተማሪው ይህን ማስወጣት ሲለምድ፥ መጻፍን ብቻ ሳይሆን ማሰብን ተማረ ማለት ነው።

ዋና አሳቡ በአንቀጹ መጀመሪያ ይቀመጥ ወይስ በመጨረሻ? ከላይ ባሳየነው ምሳሌ መጀመሪያ ተቀምጧል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ ግን መጨረሻ ነበረ። ሁለቱም ሥርዓት ነው። ሰውን ለማስረዳት፥ ልቡንም ለማለዘብ የሚጽፍ ሰው ምክንያቱን አስቀድሞ ማሰሪያውን በመጨረሻ ቢያኖር የአባቶቻችን ልማድ ይደግፈዋል። ሥራ ለበዛበት ሹም የሚጽፍ ሰው ግን ማሰሪያውን ከፊት ቢያመጣው ይሻላል። የመንግሥት ደብዳቤ ከራስጌው «ጉዳዩ» የሚል መስመር የተሰጠው ለዚህ ነው። በዚያ መስመር ላይ «ስለ ልዩ ልዩ ነገር» ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ ጉዳዩን ራሱ ገና አላወቀውም። «የወንዙ ድልድይ ከክረምት በፊት እንዲጠገን ስለ መጠየቅ» ብሎ የሚጽፈው ግን ግማሽ ሥራውን ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ አንዱን አንቀጽ ለድልድዩ ጉዳት፥ አንዱን ለሚያስፈልገው ገንዘብ፥ አንዱን ለሚጠይቀው ውሳኔ መስጠት ብቻ ይቀረዋል።

የአንባቢውም ግዴታ ከጸሐፊው አያንስም። አንድ ባላገር ከሩቅ አገር መጥቶ፥ ለማመልከቻ ጻፊ ከሌለው ገንዘብ ከፍሎ፥ አራት ገጽ አቤቱታ ያቀርባል። ሦስቱ ገጽ የዘር ቈጠራና የቀድሞ ሙግት ታሪክ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን በአራተኛው ገጽ ግርጌ በሁለት መስመር ተቀምጦ ይጠብቃል። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይቶ «ለሚመለከተው ይመራ» ብሎ የሚፈርም ሰው፥ በ1855 ዓ.ም. በለንደን መዝገብ ቤት የተሠራውን ሥራ ይደግማል። አቤት ባዩ መድፍ የለውም፤ ቆንሲልም አያስርም። ነገር ግን ያልተነበበ ማመልከቻ የሚያሳድርበት ቅሬታ ከንጉሡ ቅሬታ ያነሰ ነው ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ልጆች ያሏችሁ፥ ማታ ደብተራቸውን ስትመለከቱ፥ የፊደላቸውን ማማር ብቻ አትዩ። ያነበቡትን ታሪክ ዘግታችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲነግሯችሁ ጠይቋቸው። በጻፉትም አንቀጽ ላይ ጣታችሁን አኑራችሁ «የዚህ ማሰሪያው የቱ ነው?» በሏቸው። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቢያስብ አትቈጡት፤ እያፈላለገ ነውና። እናንተም በነጋው በመሥሪያ ቤታችሁ የመጀመሪያውን መዝገብ ስትገልጡ፥ ይህንኑ ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ፤ ማሰሪያውን ሳታገኙም ወረቀቱን ወደ ሌላ ጠረጴዛ አታሳልፉ።